አስቀድሞ ተቀምጦ መቍጠር፦ ስለ ብድርና ስለ እውነተኛ ቃል



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ እርሱን መከተል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለሕዝቡ ሲያስተምር በምሳሌነት ያቀረበው ግንብ ሊሠራ ያሰበን ሰው ነው (ሉቃ. 14፡28-30)። አስተዋይ ሰው መሠረቱን ከመጣሉ በፊት ተቀምጦ ወጪውን ያሰላል፤ ለመፈጸሚያ የሚበቃ እንዳለውም ይመረምራል። ይህን ያላደረገ እንደ ሆነ ሥራው ከመንገድ ይቀርና የአላፊ አግዳሚው መሳለቂያ ይሆናል። ጌታ ይህን የተናገረው የገንዘብ አያያዝን ለማስተማር ብሎ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን ምሳሌውን ከዕለት ኑሮ መውሰዱ ሰሚዎቹ ሁሉ እውነትነቱን በኑሯቸው ያውቁት ስለ ነበር ነው።

በየቁምስናዎቻችን ብዙ ቤተሰብ ሳይቀመጥና ሳይቈጥር ከሚጀምራቸው ነገሮች አንዱ ብድር ነው። የዘርና የማዳበሪያ ወቅት ይደርሳል፤ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይጠየቃል፤ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ይገባል፤ ሠርግ ይደገሳል፤ ሴት ልጅ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ልትሄድ ትነሣለች። አባቶቻችን ያለ አስፈላጊ ምክንያት የሚበደረውን ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እያሉ ይተርቱበት ነበር። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው በእርግጥ ስለ ቸገረው ሰው ነው። የተቸገረ ሰው ገንዘቡን ይጠይቃል እንጂ ስለ ገንዘቡ አይጠይቅም። ጥያቄ ቢያበዛ ብድሩ የሚቀርበት ይመስለዋል፤ አለማወቁን መግለጥም ያሳፍረዋል። ጕዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ልናሳስባችሁ እንወዳለን። ተበዳሪው ከገንዘቡ በፊት እውነቱን መጠየቁ የኅሊና ግዴታ ነው፤ የሚያበድረው፣ የሚያማክረውና የሚመሰክረው ሰው ደግሞ እውነቱን ሳያጓድል መንገሩ የፍትሕ ግዴታ ነው።

1. የቅዱሳት መጻሕፍትና የአበው ትምህርት

ብድር በራሱ ኃጢአት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ29ኛው ምዕራፍ ለባልንጀራ በችግሩ ጊዜ ማበደርን ከምሕረት ሥራ ይቈጥረዋል። በዚያው ምዕራፍ ተበዳሪው ቃሉን ጠብቆ በጊዜው እንዲመልስ ያዛል፤ ገንዘቡን እስኪቀበል ድረስ የአበዳሪውን እጅ የሚስመውን፣ የመክፈያው ቀን ሲደርስ ግን ምክንያት የሚደረድረውን ሰው ይወቅሳል። እንግዲህ ግዴታው በሁለቱም ወገን ነው።

ሆኖም የእግዚአብሔር ሕግ ይበልጥ የሚጠነቀቀው ለደካማው ወገን ነው። ለድኻ ከተበደረው ገንዘብ ላይ ወለድ እንዳይወሰድ ይከለክላል (ዘጸ. 22፡25)። አበዳሪው መያዣ ለመውሰድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ ውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ፣ የድኻውንም ልብስ ፀሐይ ስትገባ እንዲመልስለት ያዛል (ዘዳ. 24፡10-13)። የወፍጮ መጅ መያዣ እንዳይሆን መከልከሉም ቤተሰቡ የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው በእርሱ ስለ ሆነ ነው (ዘዳ. 24፡6)። በነህምያ ዘመን ሕዝቡ በራብ ምክንያት እርሻውንና ቤቱን ለእህል አስይዞ፣ ልጆቹን ለባርነት አሳልፎ ሰጥቶ ሲጮኽ ነህምያ ነገሩ በየጓዳው ተድበስብሶ እንዲቀር አልፈቀደም። ታላቅ ጉባኤ ሰብስቦ ጉዳዩን በአደባባይ አቀረበው፤ አበዳሪዎቹም የወሰዱትን ሊመልሱ በካህናት ፊት ማሉ (ነህ. 5)። በጨለማ የተሠራው ግፍ ወደ ብርሃን ሲወጣ ኃይሉን አጣ።

በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ በመዝሙረ ዳዊት ላይ ተመሥርቶ በአራጣ አበዳሪዎች ላይ ያደረገው ስብከት ይህንኑ በግልጽ ያሳያል። አበዳሪው አስቀድሞ ገንዘብ እንደሌለው ይምላል፤ እንዲያውም ራሱ የሚያበድረው ሰው እንደሚፈልግ ይናገራል። የወለድና የመያዣ ነገር ሲነሣ ግን ፊቱ ይፈካል፤ የአባቶቻቸውን ወዳጅነት ያስታውሳል፤ አንድ ወዳጁ ያስቀመጠው ገንዘብ እንዳለና ወለዱንም ለእርሱ ሲል እንደሚቀንስለት ይነግረዋል። ቅዱሱ በዚህ ትረካ የሚያስገነዝበን፣ ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ የሐሰት ቃል ሥራውን እንደ ጨረሰ ነው። ይህ ጠባይ ከዐሥራ ስድስት መቶ ዓመት በኋላም አልተለወጠም።

ቤተ ክርስቲያን አራጣን ከማውገዝ ጋር ሌላ መንገድም አሳይታለች። የፍራንቸስካውያን ወንድሞች በኢጣልያ በፔሩጃ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1462 ለድኾች በመያዣ የሚያበድር የምሕረት ገንዘብ ቤት እንዲቋቋም አደረጉ። አምስተኛው የላተራን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1515 እንዲህ ያሉት ቤቶች ለሥራ ማስኬጃ ብቻ የሚሆን መጠነኛ ክፍያ ቢቀበሉ አራጣ እንደማይባል ወሰነ። መመዘኛው ክፍያው ከእውነተኛው ወጪ ያላለፈ መሆኑ ነበር።

2. በአንድ ቃል ውስጥ የተሰወረ ሒሳብ

አሁን ወደ ራሳችን አገር ሁኔታ እንመለስ። ተበዳሪው ዘወትር የሚጠይቀው «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ ነው፤ መልሱንም ሰምቶ ይፈርማል። ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ በሚከተለው ምሳሌ እንመልከት።

አንዲት እናት 12,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ተበደረች እንበል። ዋናውን ገንዘብ በየወሩ 1,000 ብር እየከፈለች በ12 ወር ትጨርሳለች። ወለዱ እስከ መጨረሻው በ12,000ው ብር ላይ የሚታሰብ ከሆነ የዓመቱ ወለድ 1,800 ብር ነው። በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ግን 975 ብር ነው። በሁለቱም ውል ላይ «15 በመቶ» ተብሎ ተጽፏል፤ ልዩነቱ ግን 825 ብር ነው። ከዚህም ሌላ 2 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ማለት 240 ብር፣ አስቀድሞ ቢቀነስባት፣ 1,200 ብር ደግሞ በግዴታ ቁጠባ ስም ቢያዝባት፣ ወደ ቤቷ ይዛ የምትገባው 10,560 ብር ነው። ቁጠባው በመጨረሻ የሚመለስላት ቢሆንም፣ ዛሬ በእጇ በሌለ ገንዘብ ላይ ወለድ ትከፍላለች። ይህ ሁሉ በሕግ የተፈቀደ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም አስቀድሞ ካልተነገራት እንደ ተታለለች ይሰማታል፤ የመክፈያዋ ቀን ሲደርስም ትቸገራለች።

የግለሰብ አራጣ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። «በወር 10 በመቶ» የሚለው ቃል ለጆሮ ቀላል ነው። 10,000 ብር የተበደረ ሰው ግን በወር 1,000፣ በዓመት 12,000 ብር ይከፍልና ዋናው 10,000 ብር እንዳለ ይጠብቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 ተዋዋዮች ከ12 በመቶ በላይ የዓመት ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል። በዚህ መሠረት ለ10,000 ብር የዓመቱ ወለድ ከ1,200 ብር ማለፍ አይችልም ማለት ነው። ባንኮችና ፈቃድ ያላቸው የማይክሮፋይናንስ ተቋማት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ስለሚተዳደሩ የእነርሱ ወለድ ለብቻው የሚታይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 712 የሰውን ችግር ወይም አለማወቅ መጠቀሚያ አድርጎ በአራጣ ማበደርን በወንጀል ያስቀጣል።

በዘመናችን ብድር በእጅ ስልክም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በቴሌብር በኩል ከዳሸን ባንክ ጋር አገልግሎቱ ከተጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ ባንክ ደጅ ደርሰው የማያውቁ ብዙዎች አነስተኛ ብድር ማግኘት ችለዋል። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ለ30 ቀን የሚሰጥ ብድር ክፍያው 5 በመቶ ነው ቢባል፣ በየወሩ እየታደሰ ዓመት ቢቆይ 60 በመቶ እንደሚሆን ልብ ማለት ያሻል። ለአንድ ጊዜ ችግር የሚጠቅመው ብድር ለዘወትር አስቤዛ ሲውል ይጎዳል። «ብድር ተፈቅዶልሃል፤ አስቀድመህ የማስፈጸሚያ ገንዘብ ላክ» ወይም «የምሥጢር ቁጥርህን ንገረን» ብሎ የሚደውል ሰው ደግሞ ሌባ እንጂ አበዳሪ አይደለም።

3. ማንን እንጠይቅ? ምንስ እንጠይቅ?

ስለ ብድር የሚነገረውን ቃል ስንመዝን አስቀድመን ተናጋሪው ከዚህ ነገር ምን እንደሚያገኝ እንጠይቅ። ደላላ ብድሩ እንደ ተፈረመ ድርሻውን ይቀበላል፤ ስለዚህ ምስክርነቱ ሙሉ ሊሆን አይችልም። ትናንት የተበደረ ጎረቤትም ገንዘቡ ገና በእጁ ስላለ ደስታውን ይነግረናል እንጂ መክፈል ምን እንደሚመስል አያውቅም። የሚሻለው ከዚያው አበዳሪ ተበድሮ ከፍሎ የጨረሰውን ሰው፣ ለመክፈል ተቸግሮ የነበረውንም ሰው መጠየቅ ነው።

ተቋሙ ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ ከሆነ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ፣ ተቋማቱ የአገልግሎታቸውን ዋጋና ሁኔታ ለደንበኛው በግልጽ እንዲያስታውቁና ቅሬታውን ተቀብለው እንዲመረምሩ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ስለዚህ ማብራሪያ የሚጠይቅ ምእመን መብቱን እንጂ ውለታ አይጠይቅም። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ደግሞ መመዝገቡን ከወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ፣ መተዳደሪያ ደንቡን ማንበብ፣ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ሒሳቡና የኦዲት ውጤቱ ለአባላት ይነገር እንደሆነ መመልከት ይገባል። ጉባኤ የማይጠራና ሒሳቡን የማያሳይ ማኅበር፣ መሪዎቹ የቱንም ያህል መንፈሳውያን ቢመስሉ፣ አደራ ሊቀበል አይገባውም።

ከመፈረም በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች አቅርቦ መልሳቸውን በጽሑፍ መቀበል ይገባል፦

ሀ) ተቀናናሹ ሁሉ ተቀንሶ በእጄ የሚገባው ስንት ብር ነው?
ለ) እስከ መጨረሻው በድምሩ የምመልሰው ስንት ብር ነው?
ሐ) ወለዱ የሚታሰበው በመነሻው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ?
መ) የመክፈያው ቀን ከመከሩ ወይም ከደመወዙ ጊዜ ጋር ይስማማል?
ሠ) ብዘገይ ቅጣቱ ምንድር ነው? ቀድሜ ብከፍልስ ወለዱ ይቀነስልኛል?
ረ) መያዣው ምንድር ነው? ዋሱስ እስከ ምን ድረስ ይጠየቃል?
ሰ) ቅሬታ ቢኖረኝ ለማን አቀርባለሁ?

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ መካከል ያለው ልዩነት የብድሩ እውነተኛ ዋጋ ነው። ማንኛውም ሰው፣ ፊደል ያልቈጠረም ቢሆን፣ ይህን ልዩነት በብር ሲነግሩት ያስተውለዋል፤ በመቶኛ ሲነግሩት ግን ብዙ የተማረም ይሳሳታል። ውሉን ለማንበብ ጊዜ የማይሰጥ፣ «ዛሬውኑ ካልፈረምክ ይቀርብሃል» የሚል አበዳሪ ቢያጋጥም፣ ችኮላው ራሱ መልስ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍያም ደረሰኝ ተቀብሎ ማስቀመጥ አይዘንጋ።

ልጅን ወደ ዓረብ አገር ለመላክ የሚበደሩ ቤተሰቦች ደግሞ ከብድሩ በፊት ወጪው ራሱ በሕግ የማን እንደሆነ ይጠይቁ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ የመግቢያ ቪዛን፣ የመጓጓዣንና የሥራ ፈቃድን ወጪ በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ሠራተኛዋ የምትሸፍነው እንደ ፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ያሉትን ወጪዎች ነው። ለደላላ የሚከፈለው ብዙ ሺህ ብር፣ ለእርሱም ሲባል በወለድ አገድ የሚሰጠው የእርሻ መሬት፣ መጀመሪያውኑ የማይገባ ዕዳ ሊሆን ይችላል። ልጅቱ በሰው አገር ክፉ ቤት ብትገባ እንኳ በቤት የቀረውን ዕዳ እያሰበች ለመውጣት ትፈራለች። ይህ የሰውን ነጻነት የሚነካ ነገር ስለ ሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አንችልም።

4. ስለ ዋስና ስለ ምስክር

ይህ ክፍል በተለይ የሚመለከተው እናንተን፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን ነው። በገጠር ቁምስናዎች ወረቀት የሚያነብ፣ ሰውም የሚያምነው ብዙ ጊዜ ካቴኪስቱ ነው። ስለዚህ «አንብብልን»፣ «ዋስ ሁነን»፣ «መስክርልን» ይባላል። ይህ ክብር ከባድ አደራ አለበት።

አራጣ አበዳሪዎች ሕጉን ለማምለጥ ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ያልተሰጠ ገንዘብ እንደ ተሰጠ አድርጎ መጻፍ ነው። ተበዳሪው 10,000 ብር ይቀበላል፤ ውሉ ግን «20,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሬአለሁ» ይላል። ተበዳሪው ችግሩ ስለ ገፋው ይፈርማል፤ ምስክሮቹም ባልንጀራቸውን የረዱ መስሏቸው ይፈርማሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ድኻውን የሚያስፈርድበት የእነርሱ ፊርማ ነው። ወዳጆች ሆይ፣ ይህ በሐሰት አትመስክር የሚለውን ስምንተኛውን ትእዛዝ መተላለፍ ነው፤ በውጤቱም አትስረቅ የሚለውን ሰባተኛውን ይጥሳል። በዐይናችን ተቈጥሮ ያላየነውን ገንዘብ ተሰጥቷል ብለን ልንፈርም ፈጽሞ አይገባም፤ ርኅራኄም ሆነ ይሉኝታ ምክንያት ሊሆነን አይችልም። አበዳሪው ከመካከላችን የሆነ እንደሆነም፣ እውነተኛ ንስሐ ያለ አግባብ የወሰደውን መመለስን እንደሚጠይቅ ከዘኬዎስ ይማር (ሉቃ. 19፡8)።

ስለ ዋስትናም መጽሐፈ ምሳሌ አጥብቆ ያስጠነቅቃል፤ የሚከፍለው ሳይኖረው ዋስ የሚሆን ሰው የሚተኛበት አልጋ እንኳ ከሥሩ ሊወሰድበት እንደሚችል ያሳስባል (ምሳ. 22፡26-27)። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በዋስትናው ውል ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። በሌላ በኩል ዋሱ ከተበዳሪው ጋር በአንድነት ኃላፊ ለመሆን ከፈረመ፣ አበዳሪው ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ በቀጥታ ዋሱን ሊከስ ይችላል። ስለዚህ ዋስ ሊሆን ያሰበ ሰው «ይህን ገንዘብ ነገ እኔ ብጠየቅ ልጆቼን ሳላስርብ መክፈል እችላለሁን?» ብሎ ራሱን ይመርምር። አልችልም ካለ እንቢ ማለቱ ክፋት አይደለም። ዋስትናው የትዳር ጓደኛን ሳያማክሩ የሚፈጸም ሲሆን ደግሞ ለቤተሰቡ ዕዳ ከሜዳ ይሆንበታል።

ሌላም የሚታሰብ አለ። የቤተ ክርስቲያን ስም የማንም አበዳሪ ማስታወቂያ መሆን የለበትም። በቤተ ክርስቲያን በር የተለጠፈ ወይም ከቅዳሴ በኋላ የተነገረ የብድር ማስታወቂያ ለምእመኑ እንደ ዋስትና ይታየዋል። ስለዚህ የቁምስና ምክር ቤቶች ያላጣሩትን አያስነግሩ፤ ካቴኪስቶችም ሰው ባስመዘገቡ ቁጥር የሚከፈል ገንዘብ አይቀበሉ። የድለላ ዋጋ የተቀበለ አንደበት በሚቀጥለው እሑድ ወንጌልን ሲያስተምር ማን ያምነዋል?

5. ምን እናድርግ?

ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2009 «ፍቅር በእውነት» በሚል ርእስ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ደካሞች ራሳቸውን ከአራጣ መከላከል እንዲችሉ ሊረዱ እንደሚገባ አሳስበዋል። እዚህ ላይ ያልተማሩት ሰዎች እንዲማሩ መርዳት ዋና ነገር ነው። በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ አውራጃ አባ ጂሚ ቶምፕኪንስና አባ ሙሴ ኮዲ የተባሉ ካህናት ዓሣ አጥማጆችንና ገበሬዎችን ከዕዳ ለማላቀቅ በተነሡ ጊዜ አስቀድመው ገንዘብ አላከፋፈሉም። ሰዎቹ በየመንደሩ በትናንሽ ጓዶች ተሰብስበው ኑሯቸውንና ሒሳባቸውን እንዲያጠኑ አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከጥናቱ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ተወለዱ። ጥናቱ ቀድሞ ብድሩ ተከተለ።

በየቁምስናችንም ይህን ማድረግ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት አንድ ሰዓት ይመደብ። በመጀመሪያው ቀን ከላይ የጠቀስናቸው ሰባት ጥያቄዎች ይጠኑ፤ በሁለተኛው አንድ የብድር ውል፣ የባለቤቱ ስም ተሸፍኖ፣ በጋራ ይነበብ፤ በሦስተኛው ከወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ተጋብዞ ይጠየቅ። ከመምህራን ወይም ከባንክ ሠራተኞች መካከል ሒሳብ የሚችሉ ሁለት ምእመናን ቢመረጡ ደግሞ፣ ሊበደር ያሰበ ሰው ሁሉ ምሥጢሩ ተጠብቆለት ወረቀቱን የሚያስነብብበት ቦታ ያገኛል። ሒሳቡ ተሠርቶ «ይህ ብድር ይቅርብህ» የሚል ምክር ቢወጣም ማኅበረ ምእመናኑ ወንድሙን በዚያ አይተወው፤ ዕድሩ፣ ዕቁቡና የቁምስናው የርኅራኄ ሣጥን የሚፈለጉት በዚያን ጊዜ ነው። ድኻውን ከአራጣ ተጠበቅ ብሎ መክሮ በችግሩ ብቻውን መተው ግማሽ ምክር ነውና።

ቅዱስ ጳውሎስ ከመዋደድ በቀር ለማንም ዕዳ እንዳይኖርብን ይመክረናል (ሮሜ 13፡8)። ከፍለን የማንጨርሰው ይህ የፍቅር ዕዳ ነው፤ ባልንጀራችን ሊፈርም ብዕሩን ባነሣ ጊዜ እውነቱን መንገራችንም ከዚሁ ዕዳ የምንከፍለው ነው። የእውነት አባት የሆነው እግዚአብሔር ለአበዳሪዎች የርኅራኄን ልብ፣ ለተበዳሪዎች የማስተዋልን መንፈስ፣ ለምስክሮችም ንጹሕ አንደበትን ይስጥልን። ጸጋውና ሰላሙ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።